ለመጀመሪያ ደረጃ የሽንት ፊኛ ዕጢ ሆልሚየም ሌዘር ይበቃል ወይስ ቱሊየም ፋይበር ሌዘር ያስፈልጋል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ጡንቻ ውስጥ ላልገቡ የሽንት ፊኛ ዕጢዎች ሌዘር ለመምረጥ እየተዘጋጀን ነው። ለጠጠር የምንጠቀምበት የሆልሚየም ማሽን አለ። ዕጢዎቹ በአብዛኛው ከ3 ሴንቲሜትር በታች ናቸው። የጎን ግድግዳ ላይ ያሉትን በኤሌክትሪክ ስንቆርጥ የታካሚው እግር ድንገት እየተወራጨ ያስቸግራል። ምን ትመክራላችሁ?

መልስ 1
ከማሽኑ በፊት አሠራሩ ይወሰን፤ ዕጢውን ልታተኑት ነው ወይስ ከነሥሩ በአንድ ቁራጭ ልታነሱት? የተነነ ዕጢ ለፓቶሎጂ (ለናሙና ምርመራ) የሚላክ ነገር አይተውም። ስለዚህ ማትነኑ ዓይነቱ ቀድሞ በናሙና ለታወቀ፣ ተመልሶ ለመጣ ትንሽና ዝቅተኛ ግሬድ (ብዙ የማይከፋ ዓይነት) ዕጢ ብቻ ይሁን። አዲስ ዕጢ ከነሥሩ ይነሣ፣ ጡንቻም አብሮ ይውጣ።

ለዚህ ያላችሁ ሆልሚየም ይበቃል። የሞገድ ርዝመቱ 2100 ናኖሜትር ነው፤ ውሃ ስለሚውጠው ሥጋ ውስጥ ከ0.4 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም። በምት በምት ስለሚተኩስ አረፋው ሽፋኖቹን ያላቅቃል፣ ጠርዙ ግን ይቦጫጨቃል። ቱሊየም ፋይበር 1940 ናኖሜትር ላይ ይሠራል፤ አቆራረጡ ለስላሳ ነው፣ ደምም በደንብ ያቆማል። ኃይሉ ሲበዛ ግን ሥጋውን ያከስለዋል፣ ከከሰለ በኋላ ጡንቻውን መለየት ከባድ ነው። ኤንዲ ያግ የተባለውን ሌዘር (1064 ናኖሜትር) ተዉት፤ ብዙ ሚሊሜትር ስለሚዘልቅ ከፊኛው ጀርባ ያለ አንጀት ሊያቃጥል ይችላል።

እግሩ የሚወራጨው ኤሌክትሪኩ በፊኛው ጎን የሚያልፈውን ኦብቱሬተር ነርቭ ስለሚቀሰቅሰው ነው። በሌዘር ይህ አይከሰትም፤ ደም ለማቆም ወደ ኤሌክትሪክ ከተመለሳችሁ ግን አደጋውም አብሮ ይመለሳል።

መልስ 2
በመልስ 1 እስማማለሁ፤ አሠራሩን ልጨምር። በሆልሚየም ከ0.8 እስከ 1 ጁል፣ ከ10 እስከ 15 ኸርዝ ጀምሩ፤ ፋይበሩ (የሌዘሩን ብርሃን የሚያስተላልፈው ቀጭን ገመድ) 365 ወይም 550 ማይክሮን ይሁን። ማጠቢያው ሳላይን (የጨው ውሃ) ነው። ፊኛውን ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ የተወጠረ ግድግዳ ይሳሳል፣ በቀላሉም ይበሳል። ከዕጢው ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ርቃችሁ ዙሪያውን ምልክት አድርጉ። ከዚያ እስከ ጡንቻው ቁረጡና በፊኛ መመልከቻው መሣሪያ አፍ እየገፋችሁ ከሥሩ አላቁት፤ ሌዘሩ የሚያስፈልገው የያዙትን ክሮች ለመቁረጥ ነው። ቢጫ ስብ ከታየ ግድግዳው ተበስቷል፤ የውሃውን ግፊት ቀንሱ፣ ካቴተር አስገቡ፣ የዚያን ቀን ማይቶማይሲን (ፊኛ ውስጥ የሚጨመረውን የካንሰር መድኃኒት) አትስጡ።

የፋይበሩ ጫፍ ሁልጊዜ ከመሣሪያው ወጥቶ ይታያችሁ፤ ውስጥ ከተተኮሰ ሌንሱ ይበላሻል።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ማውጣቱ ነው። ከ3 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ቁራጭ በሺዙ (በመሣሪያው ቱቦ) አያልፍም፣ ከተከፋፈለ ደግሞ የጠርዙ ምርመራ ይበላሻል። የወጣውን በቡሽ ላይ ወጥራችሁ በመርፌ ያዙት፣ የላይና የታች ፊቱን ለፓቶሎጂው ጻፉለት፣ ከዚያ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ።

መልስ 3
ሁለት ነገር ልጨምር። መከላከያ መነጽሩ ለሞገዱ ርዝመት የተሠራ መሆን አለበት፤ የሌላ ሌዘር መነጽር አይከላከልም። የፊኛው ጣሪያና የፊት ግድግዳ ላይ ያለ ዕጢ ደግሞ በማይተጣጠፍ መሣሪያ አይደረስም፤ ሆድን በእጅ ከላይ መጫን ይረዳል፣ ካልሆነ ቀጭን ፋይበር በተጣጣፊ ሲስቶስኮፕ (የፊኛ መመልከቻ) አስገቡ።