የቤት ቢራ መቼ ነው ጠርሙስ የሚገባው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ 10 ሊትር ቢራ ጠምቄያለሁ፤ አረፋው ጠፍቷል። አሁኑኑ ልሙላው? ስኳሩስ ስንት ማንኪያ ነው?

መልስ፦ አረፋው ስለጠፋ ብቻ አትቸኩል። በሃይድሮሜትር (የቢራውን እፍጋት በሚለካ መሣሪያ) ለካው፤ ቁጥሩ ለሦስት ቀን ካልተነቃነቀ፣ ለምሳሌ 1.010 ላይ ከቆመ፣ እርሾው ጨርሷል። ገና እየወረደ ከሆነ ግን የተረፈው ስኳር ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ ሆኖ ያፈነዳዋል። ማንኪያውን ተወው፣ ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ የሚሰጠው ስኳር በሚዛን ነው፦ በሊትር 6 ግራም፣ ላንተ 60። በአንድ ብርጭቆ ውሃ አፍላው፣ አቀዝቅዘህ ንጹህ ባልዲ ውስጥ ጨምረው፣ ከዚያ ቢራውን አተላው ሳይነካ በቱቦ አውርድበት። በየጠርሙሱ ስኳር መበተን አልመክርም፤ አንዱ ልሙጥ፣ ሌላው ቦምብ ይሆናል።

መልስ፦ የድሬን ሙቀትም አትርሳ። አብዛኛው የኤል (ከላገር ሞቅ ባለ ቦታ የሚብላላ የቢራ ዓይነት) እርሾ የሚወደው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ነው፤ በጣም ከሞቀው የአሴቶን ሽታ ያመጣል። በሚቀጥለው ባልዲውን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አቁመህ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው። ሐረሮች በዚህ ታድለዋል።

ጠያቂ፦ ሃይድሮሜትር የለኝም እኮ።

መልስ፦ እንግዲያው አንድ ሳምንት ጨምርለት። ስትሞላ ከአፉ 3 ሴንቲ ሜትር አጉድል፤ አፉ የተሸረፈውን ጠርሙስ ጣለው። አንዱን በፕላስቲክ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሙላ፤ በጣትህ ስትጫነው አልሰረጉድም ካለ ጋዙ ደርሷል፣ ሁሉንም ፍሪጅ አስገባ።