አንቲጎኔ ከመድረክ ከወጣች በኋላ ተውኔቱ የማን ነው?

ጥያቄ፦ የቲያትር ተማሪ

ሰላም ለተከበራችሁ ተሳታፊዎች። በዚህ ሴሚስተር የጥንታዊውን ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክለስን «አንቲጎኔ» እያጠናን ሲሆን አንድ ጉዳይ ግራ አጋብቶኛል። በተውኔቱ ንጉሥ ክሬዮን የፖሊኒከስ አስከሬን እንዳይቀበር ያውጃል፤ እኅቱ አንቲጎኔ ግን አዋጁን ጥሳ ልትቀብረው ትነሣለች። ተውኔቱ በግሪክኛው 1,350 ያህል ስንኞች ሲኖሩት፣ አንቲጎኔ 940ኛው ስንኝ አካባቢ በሕይወት እያለች ልትቀበር ወደ ዋሻው ትወሰድና ዳግመኛ አትታይም። ከዚያ በኋላ ያለው መዓት ሁሉ፣ የልጅም የሚስትም ሞት፣ የሚወርደው በንጉሡ በክሬዮን ላይ ነው። መምህራችን የአርስቶትልን መመዘኛ ይዘው፣ የሚሳሳተው፣ ዕጣው የሚገለበጥበትና ስሕተቱን ዘግይቶ የሚረዳው ክሬዮን ስለሆነ የትራጄዲው ባለቤት እርሱ ነው ይላሉ። እንዲህ ከሆነ የአንቲጎኔ ድርሻ ምንድን ነው? ግጭቱን ለኩሳ የምትሄድ ብቻ ናት?

ምላሽ፦ ነባር ተመልካች

መምህርዎ ስለ ክሬዮን ያሉት ያስኬዳል፤ ከዚያ ተነሥቶ አንቲጎኔን ክብሪት ማድረግ ግን አይቻልም። መጨረሻውን ልብ ብለው ይመልከቱት። ክሬዮን በነቢዩ በቲሬስያስ ቃል ደንግጦ ሐሳቡን ሲለውጥ፣ የከተማዋ ሽማግሌዎች ልጅቱን ከዋሻው እንዲያወጣ፣ የፖሊኒከስንም አስከሬን እንዲቀብር ይመክሩታል፤ የልጅቱን ነገር ያስቀደሙት እነርሱ ናቸው። እርሱ ግን መጀመሪያ ወደ አስከሬኑ ይሄዳል። ውሾች የተዉትን ሰብስበው፣ አጥበው፣ አቃጥለው፣ አፈር ከምረውበት ወደ ዋሻው ሲደርሱ አንቲጎኔ በለበሰችው ስስ ጨርቅ ታንቃ ሞታለች። ንጉሡ በድንጋይ ተወግሮ መሞትን ካወጀ በኋላ ቅጣቱን ወደ ዋሻ የለወጠው፣ ጥቂት ምግብ አስቀምጦላት ከተማዋም ከደም ዕዳ ነጻ እንድትሆን ነበር። እርሷ ያን ምግብ ጨርሳ እስክትሞት አልጠበቀችም፤ የሞቷን ሰዓት ራሷ ቆረጠች፤ በዚህም ክሬዮን ጥፋቱን የሚያርምበትን ጊዜ አሳጣችው። እጮኛዋ፣ የክሬዮን ልጅ ሃይሞን፣ ራሱን የሚገድለው በእርሷ ሬሳ አጠገብ ነው፤ እናቱ ኢዩሪዲኬም የእርሱን ሞት ሰምታ ራሷን ታጠፋለች። መድረኩ ላይ ባትኖርም የመጨረሻውን ክፍል የምታንቀሳቅሰው እርሷ ናት።

ምላሽ፦ የሥነ ጽሑፍ አንባቢ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አንቲጎኔ ያልተጻፈው የአማልክት ሕግ ጠበቃ ብቻ ተደርጋ ስትነበብ ሰውነቷ ይጠፋል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል ግጭቱን የቤተሰብና የመንግሥት፣ ሁለቱም በየፊናቸው ሐቅ ያላቸው ኃይሎች ፍጭት አድርጎ አይቶታል። ንባቡ ትልቅ ቢሆንም ሬሳው እንዳይቀበር የሚጠብቀው ዘበኛ ለንጉሡ የሚተርከውን ጊዜ አይሸፍንም። ዘበኞቹ አፈሩን ከሬሳው ላይ ጠርገው፣ ሽታውን ሸሽተው ኮረብታ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ እኩለ ቀን ላይ የተነሣው አውሎ ነፋስ ጋብ ሲል፣ ልጅቱ ጫጩቶቿ የተወሰዱባት ወፍ ይመስል ስትጮኽ ያዩአታል። በእጇ ደረቅ አፈር ትበትናለች፤ ከነሐስ ማንቆርቆሪያም ሦስት ጊዜ መሥዋዕት ታፈሳለች። ይህ ክርክር ሳይሆን ለቅሶ ነው።

ወደ ዋሻው ከመወሰዷ በፊትም የምትናገረው ብዙዎችን አስቸግሯል። ባል ቢሞትብኝ ሌላ ባል፣ ልጅ ቢሞትብኝም ሌላ ልጅ ባገኝ ነበር፤ እናትና አባቴ መቃብር ከወረዱ ወዲህ ግን ወንድም ከየት ይመጣልኛል ትላለች። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ ይህ ክፍል የሶፎክለስ አለመሆኑን አንድ ሊቅ ቢያረጋግጥልኝ ብሎ እስከ መመኘት ደርሷል፤ አርስቶትል ግን ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ያለ አንዳች ጥርጣሬ ይጠቅሰዋል። በእኔ አስተያየት ከተውኔቱ ሁሉ እውነተኛው ቦታ ይህ ነው፤ ለሁሉም ሙት የሚሠራ ሕግ ይዛ የመጣችው ልጅ፣ ሞት ፊቷ ሲቆም፣ ያደረገችው ሁሉ ለዚያ ለአንድ ወንድሟ እንደሆነ ታምናለች። መቃብሩንም የጫጉላ ቤቴ ብላ እየጠራች፣ የሚያለቅስላት ወዳጅ የለምና ለራሷ ሙሾ ታወርዳለች። በነገራችን ላይ እኅቷ ኢስሜኔ በሞቷ ልትተባበራት ስትመጣ የምትመልስላት ቃል ጨካኝ ነው፤ ቅድስት አድርገው የሚያነቧት ሰዎች ይህን ገጽ ቶሎ ያልፉታል።

ምላሽ፦ የቀድሞ አዘጋጅ

ከዝግጅት ሥራ አንጻር አንድ ነገር ልጨምር። በአቴና መድረክ የሴት ገጸ ባሕርያትን ጭምብል አጥልቀው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ የተውኔቱን ሚናዎች በሙሉ የሚከፋፈሉትም ሦስት ተዋንያን ብቻ ናቸው። ስለዚህ አንቲጎኔን የተጫወተው ሰው ከወጣ በኋላ በሌላ ጭምብል ሳይመለስ አይቀርም።

ጠያቂው ለጽሑፍዎ ሊጠቀሙበት የሚችሉት ሌላም ጉዳይ አለ። ክሬዮን የሃይሞንን ሬሳ ይዞ ይገባል፤ የኢዩሪዲኬም ሬሳ ለተመልካች ይታያል፤ የአንቲጎኔ ግን አይመጣም፤ ስለ ቀብሯም ማንም አንዲት ቃል አይናገርም። ሬሳ ሳይቀበር መቅረት የለበትም ብላ የሞተችን ልጅ ሶፎክለስ እንዲህ የተዋት በመርሳት አይመስለኝም። ክሬዮን እስከ መጨረሻው ስለ ራሱ፣ ስለ ልጁና ስለ ሚስቱ ያለቅሳል እንጂ ስሟን አያነሣም፤ ስሕተቱን ተረድቷል የሚለውን የመምህርዎን ነጥብ በዚህ በኩል ቢፈትሹት መልካም ነው።