የኢሪዲየም ማግኔት ለጎጃም ምኑ ነው?

መምህር ከማርቆስ፦ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ርዕስ መረጠች፤ በድርብርብ የኢሪዲየም ኦክሳይዶች ውስጥ ማግኔት እንዴት እንደሚሰለፍ። ገምጋሚዎቹ «ይልቅ የፀሐይ ፓምፕ ሥሪ» አሏት። በመንግሥት ገንዘብ የሚማር ሰው እንዲህ ያለ ርዕስ ይያዝ ወይስ አይያዝ? ተከራከሩ።

የቡሬው፦ አይያዝ ባይ ነኝ። ኢሪዲየም ውድ ብረት ነው፤ ናሙናውን የምናበቅልበት ምድጃም የለንም። የማግኔቱን አሰላለፍ በኒውትሮን ጨረር እንየው ብትሉ ኢሪዲየም ኒውትሮኑን ይውጠዋል። ስለዚህ የውጭዎቹ በብዛት የሚያዩት በሲንክሮትሮን፣ ማለትም ኤሌክትሮኖችን በከፍተኛ ፍጥነት እያዞረ ብርቱ ጨረር በሚያወጣ ግዙፍ መሣሪያ፣ ኤክስሬይ ነው። እኛ ደግሞ መብራቱ እንኳ መች አደረልን?

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምድጃ ማን ጠየቀ? የእኔ ሥራ ስሌት ነው። ላፕቶፕና ወረቀት ይበቃኛል።

ልጅ ከዳንግላ፦ እስቲ መጀመሪያ ነገሩን አስረጂን። ግማሻችን ሳይገባን ነው የምንጨቃጨቀው 😄

ተማሪዋ፦ እሺ። ከነዚህ ድርብርብ ኦክሳይዶች አንዱን፣ ስትሮንቲየም ኢሪዴትን (Sr2IrO4) ውሰዱ። በተለመደው ግምት ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ነበረበት። አያስተላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ምክንያቱን አሳየ። ኢሪዲየም ከባድ አቶም ነው፤ የአቶም ቁጥሩ 77። በከባድ አቶም ውስጥ የኤሌክትሮኑ ስፒን (እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርገው ባሕርይ) እና ምሕዋሩ እንደ አንድ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ሲዞር ሌላውን በቀንበሩ ይጎትተዋል። ይህ መጠመድ ሰፊውን የኤሌክትሮን ባንድ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ሊይዙት የሚችሉትን የኃይል ክልል፣ ይከፋፍለዋል። በቀረው ጠባብ ባንድ ላይ ኤሌክትሮኖቹ ትንሽ ሲገፋፉ መንገዱ ይዘጋል።
ማግኔቱስ? ከ240 ኬልቪን በታች፣ ማለትም ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ግድም ሲቀዘቅዝ፣ ጎረቤታም ስፒኖች ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ይሰለፋሉ። ግን ልክክ ብለው አይቃረኑም። ኢሪዲየሙን የከበቡት ስድስት ኦክሲጅኖች 11 ዲግሪ ያህል ዞረዋል፤ ስፒኖቹም አብረው ዘንበል ይላሉ። ቀንበሩን የማየው እዚህ ላይ ነው።

ልጅ ከዳንግላ፦ ዋው! በሬው ገባኝ። ታዲያ ምን ይሠራል?

ተማሪዋ፦ አሰላለፉ ያለ ተቃውሞ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉትን የመዳብ ኦክሳይዶች መነሻ ውህድ ይመስላል። ስለዚህ ኤሌክትሮን ቢጨመርበት እንደነሱ ይሆናል ተብሎ ተጠብቋል። እስካሁን በእርግጠኝነት አልታየም።

የቡሬው፦ አየሽ ልጄ! ተስፋ ብቻ። እኔ ቀበሌ የተተከለው ፓምፕ ቆሟል፤ የሚጠግነው ጠፍቶ። አንቺ ስፒን ትቆጥሪያለሽ።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ፓምፑን ለመጠገን እኮ ማስተርስ አያስፈልግም። ጥሩ የቴክኒክ ኮሌጅ ልጅ ይበቃል። እሱን ቅጠሩ።

መምህር ከማርቆስ፦ እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። በፓምፑ ላይ ያለው የፀሐይ ፓኔል የሚሠራው በዚያው በኤሌክትሮን ባንድ ሕግ ነው። ባንዱን የሚያሰላ ሰው ከሌለን ፓኔሉን ከውጭ እየገዛን እንኖራለን። ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ አማካሪ ከየት ይመጣል? ይህን ርዕስ የሚያውቅ ሰው እዚህ ስንት አለ? ተማሪዋ ብቻዋን ከቀረች ሁለት ዓመት ይባክናል። እኔን የሚያሳስበኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው።

የቡሬው፦ በፓምፑስ ረታሽኝ። ርዕሱን ግን እኔ ብሆን አሁንም አልፈርምም።