ለሞዛምቢክ ባሕር ዳርቻ እንላክ ወይስ እዚሁ ይቅር?

ገንዘብ ያዥዋ፦ ትናንት ከጸሎት በኋላ የተነሣው ክርክር ሳይቋጭ ስለተበተንን እዚህ እንጨርሰው። በሞዛምቢክ ባሕር ዳርቻ አውሎ ነፋስ ቤታቸውን ላፈረሰባቸው ሰዎች እኛ የቱሉ ዲምቱ ምእመናን 4 ጆንያ ልብስ ሰብስበናል። ጆንያዎቹ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠዋል። መላክ አለብን ወይ? ከላክንስ ምን?

የእድሩ ጸሐፊ፦ የለብንም። ይህ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ትናንት የጤፍ ማሳ ነበር። ማሳው የእርሳቸው የነበረ አባት ዛሬ የብሎካችን ዘበኛ ናቸው፤ ክረምቱን ሙሉ በአንድ ያረጀ ካቦርት ሲያድሩ አይተናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጌዜ ጎፋ ላይ አፈር ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሲያልቁ፣ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ያን ጊዜ አንድ እሑድ አዋጥተን ረሳነው። የቅርቡን ሳንጨርስ ባሕር መሻገር ለእኔ ምጽዋት አይመስለኝም።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ስለ ዘበኛው ያሉት እውነት ነው፤ እኔንም አሳፍሮኛል። ነገር ግን መጋቢት 2011ን ያስታውሱ። የእኛ አውሮፕላን በወሩ መጀመሪያ ቀን እዚሁ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ አገሩ ሁሉ ሲያለቅስ፣ ከአራት ቀን በኋላ በሌሊት ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ የሞዛምቢክን የቤይራ ከተማ መታ። ቡዚና ፑንግዌ የሚባሉት ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሐይቅ አደረጉት፤ ሰው ጣሪያና ዛፍ ላይ ወጥቶ አደረ። ለመሰብሰብ የደረሰ በቆሎ ከነአገዳው ጠፋ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኮሌራ ገባ። ኮሌራን ልብስ አያቆመውም። ያቆመው ንጹሕ ውኃ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ከ800 ሺህ በላይ ሰው የወሰደው ክትባት ነው። እኔ የምለው መላክ አለብን፤ ግን ገንዘብ።

አንድ ወጣት አገልጋይ፦ ልብሱም ይሂድ እንጂ! በየጆንያው የወንጌል በራሪ ጽሑፍ እንጨምርበት። ከሥጋቸው ይልቅ ነፍሳቸው ትበልጣለች።

ከወሎ የመጡት አባት፦ ልጄ፣ ቅንዓትህን እወደዋለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። በ1977 ኮረም መጠለያ የደረስኩት እናቴ አዝላኝ ነው፤ የ6 ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያ ዘመን የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያኖች ተባብረው በየአውራጃው እህል ያከፋፍሉ ነበር። ከእኛ ጋር የተሰለፉት ሙስሊሞች ብዙ ነበሩ፤ ስንዴው በአንድ ጣሳ ተሰፈረልን። ማንም እናቴን «ክርስቲያን ነሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። ብትጠየቅ ኖሮ ለእኔ ስትል ማንኛውንም መልስ ትሰጥ ነበር። የተራበ ሰው የሚሰጠው መልስ እምነት አይደለም፤ እናቴን እንዲያ ማዋረድ ይሆን ነበር።

ነርሷ፦ አባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በ1994 እ.ኤ.አ. ቀይ መስቀልና የእርዳታ ድርጅቶች ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ ይህንኑ ይላል፤ እርዳታ የሃይማኖትም ሆነ የፖለቲካ አቋም ማራመጃ አይሁን። ካሪታስን የመሰሉ የክርስቲያን ድርጅቶችም ፈርመውበታል። በ1997 ዓ.ም. ከደረሰው ሱናሚ በኋላ አንድ የውጭ ድርጅት በኢንዶኔዥያ የአቼን ሙስሊም ሕፃናት በክርስቲያን ማሳደጊያ ሊያስገባ ማሰቡ ሲሰማ የተነሣው ቁጣ በቅንነት ለሚሠሩትም ተርፏል። በሞዛምቢክ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በካቦ ዴልጋዶ፣ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው። በራሪ ጽሑፉን እዚያ ለሚያገለግሉት ወንድሞቻችን መዘዝ አናድርገው።

ወጣቱ አገልጋይ፦ ስለ በራሪው ጽሑፍ ተረትቻለሁ። ልብሱ ግን ምን በደለ?

ገንዘብ ያዥዋ፦ ዛሬ ጆንያዎቹን ፈትቼ አየሁ። የአንድ እግር የልጅ ጫማ፣ ዚፑ የተበላሸ ጃኬት፣ ቁልፍ የሌለው ካቦርት፣ አንድ የሠርግ ቀሚስ። በዚያው በሱናሚው ጊዜ በሕንድ፣ በታሚል ናዱ መንገዶች ላይ የተጣለ የእርዳታ ልብስ ዝናብ ሲያበሰብሰው ታይቷል፤ ዓሣ አጥማጆቹ የቸገራቸው ጀልባና መረብ ነበር። የማጓጓዣውን ዋጋ ካሰብነው ደግሞ እነዚህን ጆንያዎች መላክ ከይዘታቸው በላይ ያስወጣናል። ጋሼ፣ ይህን ካቦርት ለዘበኛችን ይሰጡታል?

የእድሩ ጸሐፊ፦ አልሰጥም። እኒያን አባት የሰው ውራጅ አላለብሳቸውም።

ከወሎ የመጡት አባት፦ እንግዲያው ለቤይራ እናትም አይሆናትም። የአንጾኪያ ምእመናን ይሁዳ ሲራብ መዋጮአቸውን በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ፤ የተረከቡት ግን የዚያው አገር ሽማግሌዎች ናቸው። ማን እንደተጎዳ፣ ማን ቤት መበለት እንዳለች የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። እኛም ገንዘቡን እዚያ ላለችው ቤተ ክርስቲያን እንላክ፤ ምን እንደሚገዛበት እነርሱ ይወስኑ።

የእድሩ ጸሐፊ፦ በዚህ መልክ ከሆነ ድምፄን እሰጣለሁ። ሁለት ነገር ግን ይያዝልኝ። ደረሰኙ በምእመናን ፊት ይነበብ። መዋጮው ሳይላክ በፊት ደግሞ ለዘበኛችን አዲስ ካቦርት ይገዛ፤ ግማሹን ዋጋ እኔ እችላለሁ።

ገንዘብ ያዥዋ፦ ግማሹን እኔ። ነገ መርካቶ እሄዳለሁ፤ የትከሻቸውን ልክ የሚያውቅ አለ?