ማት፦ ዲፎልት (ፕሮግራሙ ሲመጣ የነበረውን) ቅንብር ሳላበላሽ እንዴት ልቀይር?

ጥቁር_ተርሚናል፦
ሰላም ለሁላችሁ። በኤስኤስኤች (ከሩቅ መግቢያ) ሰርቨር ላይ ገብቼ ኢሜይል የማነበው በማት ነው፤ ተርሚናል ውስጥ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ የኢሜይል ፕሮግራም ነው (ስሙን «ሙት» ብላችሁ እንዳታነቡብኝ)። ስሪቱ 2.2፣ አካውንቱ አይማፕ (ደብዳቤው ሰርቨር ላይ የሚቆይበት)። አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይታየኛል። መልእክቶቹ በቀን ብቻ ተደርድረዋል፤ እኔ የምፈልገው ጥያቄና መልሱ አንድ ላይ እንዲሆኑ ነው። ስፔስ እየመታሁ ሳነብ መጨረሻው ላይ ስደርስ ሳልጠይቀው ወደሚቀጥለው መልእክት ይዘልላል። አዲስ ደብዳቤ ቢመጣም አንድ ቁልፍ ካልነካሁ ብቅ አይልም። ባለ 300 መስመር የሰው ፋይል መገልበጥ አልፈልግም፤ የምቀይረውን እያወቅኩ ልቀይር።

ቅንፍ_ዝጋ፦
ትዕዛዞቹን የምጽፈው በሚነበቡበት ድምፅ ነው፤ ፋይሉ ላይ በላቲን ፊደል ታስገባቸዋለህ።

የጥያቄ ምልክቱ የማት ጥፋት አይደለም። ሰርቨሩ ላይ «ሎኬል» (የቋንቋና የፊደል ቅንብሩን የሚያሳይ ትዕዛዝ) ብለህ ጻፍና ኤልሲ_ሲታይፕ የሚለውን መስመር እይ። «ፖዚክስ» ወይም ብቻውን «ሲ» ካለ፣ ማት ስክሪንህ ከአስኪ (መሠረታዊው የእንግሊዝኛ ፊደል ኮድ) ውጭ ምንም አይችልም ብሎ ስለሚያምን የግዕዙን ፊደል በ«?» ይተካዋል። ደብዳቤው ራሱ ደህና ነው። «ሎኬል -ኤ» ሰርቨሩ ላይ ያሉትን ይዘረዝርልሃል፤ ኤኤም_ኢቲ (የአማርኛው) ከሌለ ሲ.ዩቲኤፍ-8 ይበቃል፤ ዩቲኤፍ-8 የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ ኮድ ነው። .ባሽአርሲ (ሰርቨሩ ላይ ስትገባ የሚነበብ የቅንብር ፋይል) ውስጥ «ኤክስፖርት ኤልሲ_ሲታይፕ=ሲ.ዩቲኤፍ-8» ብለህ ወጥተህ ግባ። ኤልሲ_ኦል ተሞልቶ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ስለሚሽር ባዶ መሆኑን አረጋግጥ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው .ማትአርሲ (የማት ቅንብር ፋይል) ውስጥ «ሴት ቻርሴት=ዩቲኤፍ-8» ብሎ በግድ በማስገባት ነው። ማት ይህን ከሎኬሉ ራሱ ያነበዋል። በእጅህ ስታስገባው ማት በአንድ ቋንቋ ይናገራል፣ ስክሪኑን የሚስለው ላይብረሪ በሌላ ይሰማል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ የቦታ ቆጠራው ይሳሳትና መስመሩ ይንሻፈፋል። ሴንድ_ቻርሴትንም (ስትልክ የሚመረጠውን የፊደል ኮድ) ተወው። ዲፎልቱ አስኪን፣ ከዚያ አይኤስኦ-8859-1ን (የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ኮድ)፣ ከዚያ ዩቲኤፍ-8ን በቅደም ተከተል ይሞክራል፤ አማርኛ ሁለቱ ውስጥ ስለማይገባ ሳትነግረው ሦስተኛውን ይይዛል።

ይህ ተስተካክሎ እንደ ጨ እና ሠ ያሉት ሰፋፊ ፊደላት ተጨናንቀው ወይም ተደራርበው ከታዩህ፣ ተርሚናሉ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚሰጠው አንድ ጠባብ ቦታ ስለሆነ ነው። መፍትሔው ፎንት መቀየር ነው፤ እሱም የሚቀየረው ከፊትህ ባለው ኮምፒውተር እንጂ በሰርቨሩ ላይ አይደለም።

ማታ_ማታ፦
የቀሩትን እኔ ልመልስ። .ማትአርሲ ውስጥ እነዚህን አስገባ፦

ሴት ሶርት=ትሬድስ
ሴት ሶርት_ኦግዝ=ላስት-ዴት-ሪሲቭድ
ሴት ፔጀር_ስቶፕ=የስ
ሴት ታይምአውት=30

ሁለተኛው መስመር ባይኖር ትሬዱ (ጥያቄው ከነመልሶቹ) የሚደረደረው በመጀመሪያው መልእክት ቀን ነው፤ ስለዚህ ለአሮጌ ጥያቄ ዛሬ የመጣ መልስ ከላይ ተቀብሮ ይቀራል። በዚህ ግን ትኩስ መልስ ያለበት ትሬድ ወደ ታች ይወርዳል። ሦስተኛው የስፔሱን ዝላይ ያስቆማል።

ታይምአውት ላይ ትንሽ ልቆይ። ሜይል_ቼክ (አዲስ ደብዳቤ የሚፈትሽበት ክፍተት) ዲፎልቱ 5 ሰከንድ ስለሆነ ሰው ሁሉ እሱን ይነካካል፤ ችግሩ ያለው ግን እዚያ አይደለም። ማት ቁልፍ እስክትመታ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ የሚጠብቅበት ልክ ታይምአውት ነው፣ ዲፎልቱም 600 ሰከንድ። ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ዝም የሚልህ ለዚህ ነው። ሜይል_ቼክን ባለበት ተወው።

ማርክ_ኦልድንም ኖ ብታደርገው ይሻልሃል። ካልሆነ ሳታነበው የወጣህበት ደብዳቤ በሚቀጥለው ጊዜ «ኦ» የሚል ምልክት ተለጥፎበት እንደ አሮጌ ይቆጠራል።

ጥቁር_ተርሚናል፦
አማርኛው ተነበበ፣ ሌላውም ሠራ፤ እጃችሁ ይባረክ። የተላኩት ፎልደር ላይ ግን አዲሱ ከላይ እንዲሆን ፈልጌ ፎልደር-ሁክ (ፎልደር ሲከፈት የሚፈጸም ትዕዛዝ) ጨመርኩ፤ ከዚያ ወደ ኢንቦክስ ስመለስ እሱም በዚያው አደራደር ሆነ። ሁኩ ለአንድ ፎልደር ብቻ አይደለም እንዴ?

ቅንፍ_ዝጋ፦
ሁኩ የሚሠራው ስትገባ ብቻ ነው፤ ስትወጣ የሚመልስልህ የለም። የተቀየረው ቅንብር ሌላ እስኪቀይረው ድረስ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ መጀመሪያ ለሁሉም የሚሆን አንድ መስመር አስቀምጥ፣ ከሥሩ ልዩውን፦

ፎልደር-ሁክ . 'ሴት ሶርት=ትሬድስ'
ፎልደር-ሁክ =ሴንት 'ሴት ሶርት=ሪቨርስ-ዴት'

ነጥቧ «ማንኛውም ፎልደር» ማለት ናት። የሚገጥሙት ሁኮች ሁሉ ከላይ ወደ ታች በተራ ይፈጸማሉ፤ ብትገለብጣቸው ነጥቧ ልዩውን ትሽረዋለች።

ማታ_ማታ፦
የተላኩትን ካነሳህ፣ ሪከርድ የሚለውን አየኸው? ዲፎልቱ የላክኸውን ሰርቨሩ ላይ በሆምህ (በግል ማህደርህ) ውስጥ ወዳለ «ሴንት» የሚባል ፋይል ይጽፋል፤ ስልክህ ላይ ስትፈልገው የማታገኘው ለዚህ ነው። «ሴት ሪከርድ=» ብለህ ትክክለኛውን የአይማፕ ፎልደር ስም ስጠው። አካውንቱ ጂሜይል ከሆነና በራሱ ኤስኤምቲፒ (የመላኪያ ሰርቨር) የምትልክ ከሆነ ግን የተላከውን እሱ ራሱ ስለሚያስቀምጥ «አንሴት ሪከርድ» በለው፤ አለዚያ እያንዳንዱ ደብዳቤ ሁለት ሁለት ይሆንብሃል።

ሎግ_አንባቢ፦
የቀየርከውን ከዲፎልቱ ለመለየት «ማት -ዲ» (ትልቁ ዲ) ሁሉንም ቅንብር ከነእሴቱ ያወጣልሃል። አንዴ እንዲሁ፣ አንዴ ደግሞ «ማት -ኤን -ኤፍ /ዴቭ/ነል -ዲ» ብለህ (ኤፍ እና ዲ ትልልቆቹ) ወደ ሁለት ፋይል አውጣና በዲፍ አወዳድር። ሁለተኛው የሲስተሙንም ያንተንም ፋይል ስለሚዘልል ንጹሑን ዲፎልት ያሳይሃል። ማት ውስጥ ሆነህ አንዱን ብቻ ለማየት «:ሴት ?ሶርት»፣ ወደ ቦታው ለመመለስ «:ሪሴት ሶርት»።

ደግሞ ሆምህ ውስጥ .ማትአርሲም .ማት/ማትአርሲም ካሉ የሚነበበው የመጀመሪያው ብቻ ነው። «ፋይሉን ቀይሬ ምንም አልተለወጠም» ከሚሉት ብዙዎቹ ሁለተኛውን ነው የሚያርሙት።