ጥቆማ፦ ለሠርግ ስጦታ የሚሆን የእጅ ሥራ ከሶልቫና ከሴንት ዴቪድስ አካባቢ

ጠያቂዋ፣ ከካርዲፍ
ጤና ይስጥልኝ። የታናሽ እህቴ ሠርግ ደርሷል። ሙሽራው በምዕራብ ዌልስ ያለችው የፔምብሩክሺር ልጅ ስለሆነ ስጦታው ከአገሩ ሰዎች እጅ የወጣ እንዲሆን እፈልጋለሁ። መኪና ስለሌለኝ ከሃቨርፎርድዌስት ተነሥቶ በሶልቫ በኩል ሴንት ዴቪድስ በሚደርሰው አውቶቡስ ነው የምሄደው። ሐሳቤ በሱፍ ብርድ ልብስና የፍቅር ማንኪያ በሚባለው የዌልስ የእንጨት ሥራ መካከል ተከፍሏል። አቅሜ እስከ 150 ፓውንድ ነው። ከሠሪው ጋር ተነጋግራችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

የሸማኔ ልጅ
እህቴ፣ ከሶልቫ ሳትወጪ ጉዳይሽ ያልቃል። ከወደቡ ወንዙን ይዘሽ አንድ ማይል ያህል ወደ ላይ ስትሄጂ ሚድል ሚል በምትባል ትንሽ ሰፈር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ የሚሠራ የሱፍ መሸመኛ ታገኛለሽ። አባቴ ሸማኔ ስለነበር እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ስገባ ዓይኔ ከዕቃው በፊት ሥራው ላይ ያርፋል። መወርወሪያው ከዳር ዳር ሲመላለስ ወለሉ በእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰምቶኛል፤ አንድ ክር ሲበጠስም ሠራተኛው ማሽኑን አቁሞ ሁለቱን ጫፍ በጣቶቹ ቋጥሮ ሲያስቀጥል ቆሜ አይቻለሁ። ያን ቀን የገዛሁት የኮሪደር ምንጣፍ ስንት ክረምት በጭቃ ጫማ ተረግጦ ዛሬም ጠርዙ አልተፈታም።

ከፊሽጋርድ
የተጠየቀው ብርድ ልብስ ነው፤ የሶልቫው ቤት ደግሞ በይበልጥ የሚታወቀው በምንጣፍ ነው። ለብርድ ልብስ የምመክረው በካስልሞሪስ አቅራቢያ ያለውን መሊን ትሬግዊንት የሚባለውን የሱፍ መሸመኛ ነው። ከ1912 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ ቆይቶ በ2022 ወደ ሠራተኞቹ ባለቤትነት ተላልፏል። የሚታወቅበት ሥራ ሁለት ሸማ በአንድ ጊዜ ተሸምኖ በጥለቱ መስመር ላይ ቦታ የሚለዋወጥበት ነው፤ ስለዚህ በፊቱ ቀይ የሆነው በጀርባው ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ብርድ ልብሱም በሁለቱም ወገን ይለበሳል። እንደ ጋቢ ድርብ ስለሆነ ሙቀቱን ሀበሻ ቤት ሳይነገረው ያውቀዋል። ትልቁ መጠን ግን ከ150 ፓውንድ ሊያልፍ ስለሚችል ዋጋውን አስቀድመው ይጠይቁ።

የሸማኔ ልጅ
ምንጣፍም ቢሆን ለአዲስ ጎጆ ከብርድ ልብስ አያንስም። እኔ ከሶልቫው ቤት ሌላ አልጠቁምም።

ቡና ወዳዷ
እኔ ግን በጥንቃቄ እንድትገዙ እለምናለሁ። በዚያው የባሕር ዳርቻ ለሚሠራ አንድ ሸክላ ሠሪ የጀበና ፎቶግራፍ አሳይቼ፣ ቀብድ ከፍዬ፣ አምስት ወር ጠበቅሁ። ጀበናው ሲመጣ ሰማያዊ ቀለሙ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ አንገቱም የተስተካከለ ነበር። እሳት ላይ በጣድኩት በመጀመሪያው ቀን ከሆዱ እስከ መቀመጫው ተሰንጥቆ ቡናው ምድጃው ላይ ፈሰሰ። ስደውልለት በእሳት እንደሚጣድ አልነገርሽኝም አለኝ፤ ገንዘቤንም አልመለሰልኝም። እናቴን ቡና ላጠጣበት ነበር ያሠራሁት።

ከብሪስቶል
እኔም የጀበና ነገር አንገብግቦኛል። ለንደን ውስጥ የማይሰነጠቅ ጀበና የት እንደሚገኝ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ሸክላ ተማሪ
ቡና ወዳዷ፣ ኀዘንዎ ይገባኛል፤ ሠሪውም ለምን አገልግሎት እንደሆነ መጠየቅ ነበረበት። በዚህ አገር ብዙዎቹ ሸክላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ጭቃ በከፍተኛ ሙቀት ተተኩሶ እንደ ድንጋይ የሚጠብቅ ነው። ውኃ አያስገባም፤ ነገር ግን እሳት አንዱን ወገን ብቻ ድንገት ሲያሞቀው ጭቃው እኩል ስለማይለጠጥ ይሰነጠቃል። የእኛ ጀበና በዝቅተኛ እሳት የተተኮሰና ቀዳዳማ ስለሆነ ያንን ይችላል። ስኒ፣ ሳህን ወይም የአበባ ማስቀመጫ ቢያዝዙ ችግር የለውም። እሳት ላይ የሚጣድ ዕቃ ከሆነ ግን ሠሪው ይህን በጽሑፍ ካላረጋገጠልዎ ቀብድ አይስጡ።

የሁለት ልጆች እናት
ለሠርግ የፖርትሜሪዮንን ሳህኖች የሚያህል የለም። ስሙ ራሱ የዌልስ መንደር ነው።

ከፊሽጋርድ
ስሙስ የዌልስ ነው፤ ነገር ግን መንደሩ የሚገኘው በሰሜን ዌልስ ነው፣ የሳህኖቹ ድርጅት መቀመጫም እንግሊዝ ውስጥ ስቶክ ኦን ትሬንት ነው። ጠያቂዋ የፈለጉት የፔምብሩክሺር ሰው እጅ ነው።

የሁለት ልጆች እናት
የትም ይሠራ፤ አማቴ የሰጡኝ እስካሁን አንድ አልተሰበረብኝም። ምክሬን አልቀይርም።

ታዛቢ
ወገኖቼ፣ አንዲት ሴት ስለ ብርድ ልብስና ስለ ማንኪያ ጠየቀች፤ ከአንድ ሰው በቀር የተሰጣት መልስ ምንጣፍ፣ ጀበናና ሳህን ነው። ስለ ማንኪያው አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም። ጥያቄውን ሳያነቡ መመለስ ጠያቂን መናቅ ነው።

ከሴንት ፋጋንስ አጠገብ
ታዛቢ እውነት ብለዋል፤ ስለዚህ ስለ ማንኪያው የማውቀውን ልጻፍ። ጠያቂዋ ካርዲፍ ስለሚኖሩ ከመሄድዎ በፊት ወደ ሴንት ፋጋንስ ሙዚየም ጎራ ይበሉ፤ መግቢያው ነጻ ነው፣ 1667 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የፍቅር ማንኪያም እዚያ አለ። ጥንት ጎረምሳው ራሱ ፈልፍሎ ለሚወዳት ልጅ የሚሰጠው ነበር። ከማንኪያው ጋር የሚፈለፈለው የእንጨት ሰንሰለት አብሮ መኖርን፣ በእጀታው ላይ እንደ ትንሽ ጎጆ ተፈልፍሎ በሚሠራው ክፍት ቦታ ውስጥ የሚንከባለሉት የእንጨት ኳሶች ደግሞ የሚመኙትን ልጆች ቁጥር ያመለክታሉ ይባላል። ሲገዙ ሰንሰለቱን ብርሃን ላይ ያዙትና እያንዳንዱን ቀለበት ያዙሩት፤ ጥሩ ሠሪ ሰንሰለቱን ሁሉ ከአንድ እንጨት ስለሚፈለፍለው የሙጫ መስመር አያገኙበትም። የቢላው ስለት ምልክት በመጠኑ ከታየ በእጅ ለመሠራቱ ምስክር ነውና ደስ ይበልዎ። በጀርባው የሙሽሮቹን ስምና ቀኑን መቅረጽ ይችሉ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬውኑ ቢደውሉ ይሻላል።

ሥዕል አፍቃሪ
ሴንት ዴቪድስ ከደረሱ ኦሪየል ይ ፓርክ የሚባለውን ማዕከል ሳያዩ አይመለሱ። የፔምብሩክሺር የባሕር ዳርቻ ብሔራዊ ፓርክ ማዕከል ሲሆን በ2008 የተከፈተ የሥዕል ማሳያ አለው። የገደሎቹንና የባሕሩን ብርሃን የሚሥሉ የአካባቢው ሰዎች ሥራ ለሙሽሮች ቤት ግድግዳ ከሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ጠያቂዋ፣ ከካርዲፍ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ሴንት ፋጋንስ ሄጄ ማንኪያዎቹን አይቻለሁ፤ የሰንሰለቱን ነገር ባታስተምሩኝ ኖሮ አላስተውለውም ነበር። ጉዞዬ ሐሙስ ነው። ከሶልቫ ወደብ እስከ መሸመኛው ያለው መንገድ ለእግረኛ ይመቻል?

የሸማኔ ልጅ
ይመቻል፤ ጭቃ ስለማያጣው ግን ጠንካራ ጫማ አድርጊ። ማሽኖቹ ሲሠሩ ለማየት በሥራ ቀን፣ በጠዋት ድረሺ፤ ከመነሣትሽ በፊትም ደውለሽ ክፍት መሆኑን አረጋግጪ።

ቡና ወዳዷ
የተሰነጠቀ ጀበና የሚጠግን ሰው ካለ እኔም ልደውልለት።