ንግሥት የነገሠችበት ልቦለድ እየጻፍኩ ነው፤ ሥልጣኗን ምን ላይ ላቁመው?

የሱሉልታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአማርኛ ፋንታሲ እየጻፍኩ ነው። ዘንዶ አለው፣ አስማት አለው፣ ዙፋኑ ላይ ያለችው ደግሞ ሴት ናት። የንጉሥ ሚስት አይደለችም፣ ራሷ ነው የነገሠችው። እዚህ ሱሉልታ ለጓደኞቼ ሳነብላቸው ዘንዶውን ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበሉት፤ ንግሥቲቱ ጋ ስንደርስ ግን «መኳንንቱ እንዴት እሺ አሏት?» ብለው ችክ አሉ። ወንድ ቢሆን ማንም አይጠይቀኝም ነበር፣ በጣም ነው ያናደደኝ። ቢሆንም መልሱን ማወቅ እፈልጋለሁ። በእውነተኛው ታሪክ የነገሡ ሴቶች ሥልጣናቸውን በምን ያዙት? በውበቷ ወይም በጥንቆላዋ የሚለው ሰልችቶኛል።

ከንፋስ ስልክ፦
እህቴ፣ ከንግሥት ዘውዲቱ ጀምሪ። የካቲት 4 ቀን 1909 ዘውድ ጫኑ፣ «ንግሥተ ነገሥታት» ተባሉ። ግን ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ ተለያዩ፣ አልጋ ወራሽና እንደራሴው ራስ ተፈሪ ሆኑ። ዘውዱ እሳቸው ራስ ላይ ነው፣ ሥራው ሌላ እጅ ነው። በ1920 ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ከሲዳሞ ጦር አስከትለው መጡና እዚሁ ንፋስ ስልክ ሰፈሩ፤ ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር። ለንግሥቲቱ ታማኝ ናቸው። ቤተ መንግሥት ግብር ተጠርተው ሲበሉ ሲጠጡ፣ ወደኋላ የቀረው ወታደራቸው ከራስ ተፈሪ ወገን ገንዘብ እየተሰጠው ተበተነ። ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነው። አንድም ጥይት ሳይተኮስ ማለት ነው! ስለዚህ ልቦለድሽ ላይ መጀመሪያ የምትመልሺው፣ የወታደሩን ደሞዝ ማን ይከፍላል የሚለውን ነው።

ጎንደሬው በለገጣፎ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን በንግሥት ዘውዲቱ ብቻ አትፍረዱ። ምንትዋብን እዩ። በ1723 ዓ.ም. ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ሳለ ነገሠ፣ እሳቸውም አብረው ዘውድ ጫኑ። ከዚያ የቋራ ዘመዶቻቸውን በየሹመቱ አስቀመጡ፤ ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ቢትወደድ ሆነ። ልጃቸው ከሞተ በኋላ እንኳ ለልጅ ልጃቸው ለኢዮአስ ሞግዚት ሆነው ቀጠሉ። ወልደ ልዑል ሲሞት ነው ነገሩ የላላው፣ የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑልም ገባበት። ዘመድ ያቆመውን የዘመድ ሞት ያፈርሰዋል። እኔ ብሆን ልቦለዱን እዚያ ላይ ነበር የምሠራው።

አንባቢ ከሰበታ፦
የውጭዎቹንም ጨምሩበት፣ ቁጥሮቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ቻይናዊቷ ዉ ዘትየን ከ690 እስከ 705 ስትገዛ በፈተና ያለፉ ሰዎችን አሳደገች፤ እነሱ ሹመታቸው የሷ ስለሆነ ከድሮዎቹ ባላባቶች ይልቅ ለሷ ያድራሉ። የእንግሊዟ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ (1558–1603) ደግሞ ፓርላማው አግቢ እያለ ሲወተውታት ሳታገባ ሞተች። ብታገባ ባሏ ሥልጣኑን ሊሻማት ይችል ነበርና! የሜሮኤዋ አማኒሬናስ ከሮም ጋር ተዋግታለች፣ የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ስትራቦ አንድ ዓይኗ የጠፋ ነበር ብሎ ጽፏል። ከጎረቤታችን ኑቢያ እንዲህ ያለች ሴት እያለችልን፣ ንግሥት በተባለ ቁጥር ወይ እብድ ወይ ክፉ ጠንቋይ አድርገው የሚጽፉልን ለምንድነው?

የሱሉልታዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ለካ መኳንንቱ እሺ ያሉበትን ነገር ጭራሽ አልጻፍኩም። ወንድሟን ጦር አዛዥ አደርገዋለሁ፣ ለወታደሩ ደሞዙን ግን ራሷ ሰፈሩ ድረስ ወርዳ በእጇ ትከፍላለች። አሁን የምጠይቃችሁ፦ ወንድሟ መሀል ላይ ቢሞት፣ ያ ጦር የሷ ሆኖ ይቀራል ብላችሁ ታምናላችሁ?

ከንፋስ ስልክ፦
ደሞዙ ካልተቋረጠ አዎ። ግምጃ ቤቱን ለማንም እንዳትሰጪ።